ድንጋዩ ከእንጨቱ የቀዳው፦ ስለ ህንድ የሠረገላ ቤተ መቅደሶች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ህንድ የሠረገላ ቤተ መቅደሶችና በየዓመቱ በሕዝብ እጅ ስለሚጎተቱት የበዓል ሠረገሎች በአማርኛ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በብዙ አንባቢዎች እጅ ገብቷል። ስለ ሂንዱ ሃይማኖትና ጥበብ በቋንቋችን የሚገኘው ንባብ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ጸሐፊው ይህን ርእስ መምረጣቸው ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ከተነሡት ነጥቦች አብዛኞቹ ወይ ከነጭራሹ የተሳሳቱ ናቸው፣ ወይም የእውነቱን ግማሽ ይዘው ግማሹን የጣሉ ናቸው። ንባቡ ጥቂት በሆነበት ርእስ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ ለዓመታት ብቸኛ ምንጭ ሆኖ ሊቀር ስለሚችል፣ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

ጽሑፉን ላላነበቡ ሰዎች ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው። በማሃባሊፑራም፣ በኮናርክና በሃምፒ የሚገኙት ሥራዎች ሦስቱም ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ የአማልክት ሠረገሎች መሆናቸው ተነግሯል። የኮናርክ ቤተ መቅደስ የፈረሰው መርከበኞች በጫፉ ላይ የነበረውን ታላቅ ማግኔት ነቅለው ስለ ወሰዱት ነው ተብሏል። የእንጨት ሠረገሎቹ የድንጋዩ ጥበብ ከሞተ በኋላ የቀሩ ርካሽ ቅጂዎች እንደ ሆኑ፣ በየዓመቱ አዲስ መሥራቱም ብክነት እንደ ሆነ ተጽፏል። በፑሪ ከተማ ምእመናን ራሳቸውን ለመሥዋዕትነት ከመንኮራኩር ሥር መጣላቸው የበዓሉ ሥርዐት ክፍል ተደርጎ ቀርቧል። የላሊበላ ጠራቢዎች ሙያቸውን ከማሃባሊፑራም እንደ ቀሰሙም ተገልጿል። በመጨረሻም በሠረገላው ገመድ ፊት የወገንና የመደብ ልዩነት እንደሌለ ተረጋግጦ የታወቀ ነገር ሆኖ ተቀምጧል።

በማሃባሊፑራም ልጀምር። በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት የባሕር ዳርቻ የሚገኙት እነዚህ አምስት ሥራዎች በፓላቫ ነገሥታት ዘመን፣ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከግራናይት አለት የተፈለፈሉ ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ወጥ ድንጋይ ስለ መሆናቸው የተጻፈው ትክክል ነው። ነገር ግን መንኮራኩር የላቸውም፤ የሚስባቸው ፈረስም አልተቀረጸላቸውም። ሠረገላ የተባሉት በኋላ ዘመን ሕዝቡ ባወጣላቸው ስም ነው። የአምስቱ የፓንዳቫ ወንድማማቾችና የሚስታቸው የድራውፓዲ ስም የተሰጣቸውም እንዲሁ በልማድ እንጂ ሥራዎቹ የእነርሱን ገድል ከሚተርከው ከጥንታዊው የህንድ መጽሐፍ ከማሃባራታ ታሪክ ጋር ግንኙነት ኖሯቸው አይደለም። ቀረብ ብሎ ያያቸው ሰው የሚያገኘው ሠረገላ ሳይሆን ቤት ነው። በድራውፓዲ ስም የሚጠራው ትንሹ መቅደስ፣ ዱርጋ የተባለችው እንስት አምላክ መቅደስ ነው፤ ክዳኑ ከአራቱም ማዕዘን እየጎበጠ ወደ ላይ ወጥቶ የሚገናኝ ሲሆን ከሣር ክዳን ጎጆ ቅርጽ አንድም የተለወጠበት ነገር የለም። በቢማ ስም የሚጠራው ደግሞ ክዳኑ እንደ ቅስት የታጠፈ ረዥም አዳራሽ ነው። ጠራቢዎቹ በዘመናቸው በእንጨትና በሣር ይሠሩ የነበሩትን የቤት ዓይነቶች በአለት ላይ እየቀዱ ነበር። ሥራው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑም ጫፋቸው ተጠናቆ እግራቸው ሳይጠረብ የቀረ አሉባቸው።

ኮናርክ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። በምሥራቅ ህንድ በኦዲሻ ግዛት የሚገኘው ይህ የፀሐይ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ1250 ገደማ በምሥራቃዊው የጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ በቀዳማዊ ናራሲምሃዴቫ የታነጸ ሲሆን፣ ከመሠረቱ ጀምሮ ሠረገላ እንዲሆን የታሰበ ሕንፃ ነው። በወለሉ ዙሪያ 24 መንኮራኩሮች ተቀርጸዋል፤ ሰባት ፈረሶችም የፀሐይን አምላክ የሱርያን ሠረገላ ሲጎትቱ ይታያሉ። እያንዳንዱ መንኮራኩር ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ከመሐል ወደ ዳር የሚዘረጉ ስምንት ወፍራምና ስምንት ቀጭን ዘንጎች አሉት። ሕንፃው ተጠርበው ከተደራረቡ ልዩ ልዩ የድንጋይ ዓይነቶች የተሠራ ነው፤ ከወጥ አለት ተፈለፈለ የሚለው ከየት እንደ መጣ መገመት እንኳ ያስቸግራል። ዛሬ ቆሞ የሚታየውም ዋናው መቅደስ ሳይሆን ከፊቱ የነበረው አዳራሽ ነው። እርሱንም እንዳይደረመስ ሲሉ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1903 በሮቹን ዘግተው ውስጡን በአሸዋ ሞልተውታል።

ስለ ማግኔቱ የሚነገረው በአካባቢው የሚወራ አፈ ታሪክ ነው። አፈ ታሪክነቱ ተገልጾ ቢጻፍ ውብ ነው፤ እንደ ታሪክ ተደርጎ ሲጻፍ ግን ከራሱ ከሕንፃው ታሪክ ጋር ይጋጫል። ዋናው ግንብ በአንድ ጊዜ አልወደቀም። የሕንፃ ታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1837 ቦታውን ሲጎበኝ የግንቡ አንድ ማዕዘን ገና ከፍ ብሎ ቆሞ ነበርና በሥዕል አስቀርቶታል፤ ይህም ቅሪት እ.ኤ.አ. በ1848 በማዕበል ወደቀ። በዚያ መካከል ድንጋዮቹ ለሌላ ሥራ ይወሰዱ ነበር። የሱርያ ሠረገላ ነጂ የአሩና ምስል ያለበት ዓምድ ከኮናርክ ተነሥቶ ዛሬ በፑሪ የቪሽኑ አንዱ መልክ ከሆነው አምላክ ከጃጋናት ቤተ መቅደስ በር ፊት ለፊት ቆሞ ይገኛል። የወሰዱት ግን መርከበኞች አይደሉም፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢውን ይገዙ በነበሩት በማራታዎች አስተዳደር ጊዜ የተወሰደ ነው። በሕንፃው ውስጥ ትላልቅ የብረት ተሸካሚዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ስለ ማግኔት የሚወራውም ከእነርሱ ሳይነሣ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

ሦስተኛው የሃምፒ ሠረገላ ነው፤ በእኔ ግምት ጸሐፊው ትልቁን ዕድል ያባከኑት እዚህ ላይ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቪጃያናጋራ መንግሥት ዋና ከተማ፣ በቪታላ ቤተ መቅደስ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተሠራው ይህ ሠረገላ በህንድ የ50 ሩፒ ገንዘብ ላይ ስለ ታተመ ምስሉ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ነገር ግን እርሱም ወጥ ድንጋይ አይደለም። ብዙ የግራናይት ጥርቦች ተገጣጥመው፣ መጋጠሚያቸው በቅርጻ ቅርጹ መስመር ውስጥ ስለ ተደበቀ ወጥ ይመስላል። አገልግሎቱም የቪሽኑ መጓጓዣ የሆነው ንስር የጋሩዳ መቅደስ መሆን ነው። ዛሬ ከፊቱ የሚታዩት ሁለት ዝሆኖች ናቸው፤ ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው ግን ከዝሆኖቹ ጀርባ ቀድሞ በቦታው የነበሩትን ፈረሶች የኋላ እግርና ጅራት ያገኛል። ዝሆኖቹ በኋላ ከሌላ ስፍራ መጥተው የቆሙ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን አሌክሳንደር ግሪንሎ እ.ኤ.አ. በ1856 ያነሣው ፎቶግራፍ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ሠረገላው በጡብ የተሠራ ግንብ በራሱ ላይ ተሸክሟል፤ ግንቡ ኋላ ፈርሶ ተነሥቷል። እንግዲህ የሃምፒ ሠረገላ በተሠራ ጊዜ የነበረው መልክ ዛሬ በገንዘቡ ላይ እንደምናየው ዝቅ ያለ አልነበረም፤ ከታች ሰፊ መድረክ፣ መንኮራኩር፣ ፈረስ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ሰማይ የሚወጣ ግንብ ነበረው። ይህ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ሙዚየም መሄድ የለበትም፤ በደቡብ ህንድ በማንኛውም ትልቅ ቤተ መቅደስ ደጃፍ የቆመውን የእንጨት ሠረገላ መመልከት ይበቃዋል።

ስለዚህ «ርካሽ ቅጂ» የተባለው የእንጨት ሠረገላ ቅጂ ሳይሆን ምንጭ ነው። ቻይናዊው መነኩሴ ፋሺያን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጥንታዊቷ የህንድ ከተማ በፓታሊፑትራ ያየውን በዓል ሲገልጽ፣ ባለ አራት መንኮራኩር ሠረገሎች ላይ ከቀርከሃ አምስት ደርብ ግንብ እየታሰረ፣ የአማልክትና የቡድሃ ምስሎች ተቀምጠውበት በከተማው ይዞር እንደ ነበር ጽፏል። በዓሉ የቡድሂስቶች ነበር፤ ለእኛ ነጥብ የሚጠቅመው ግን ይህ የሆነው ኮናርክ ከመታነጹ ከስምንት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቾላ ነገሥታት በዳራሱራም ባሠሩት ቤተ መቅደስ የአዳራሹ ጎን በመንኮራኩርና በፈረስ ተጌጦ ሠረገላ ሲመስል፣ ድንጋይ ጠራቢው በዓይኑ የሚያውቀውን፣ ምናልባትም በእጁ የሳበውን ነገር እየቀረጸ ነበር። ጉዳዩ ጥበብ ከድንጋይ ወደ እንጨት ስለ መውረዱ አይደለም። አምላኩ ከመቅደሱ ወጥቶ ሕዝቡን የሚጎበኝበት ዕለት ነበረና፣ ለዚያ ዕለት የሚንቀሳቀስ መቅደስ ተሠራለት፤ ቋሚው መቅደስ ደግሞ የዚያን ዕለት መልክ ለዘወትር ለበሰ።

የእንጨቱን ሥራ ርካሽ የሚል ሰው የቲሩቫሩርን ሠረገላ አሠራር ቢያውቅ ይህን ቃል ባልጻፈ ነበር። በታሚል ናዱ የሚገኘው ይህ ሠረገላ በበዓሉ ቀን በቀርከሃና በጨርቅ ተጌጦ ሲቆም ቁመቱ ወደ 29 ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 300 ቶን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1926 ተቃጥሎ እ.ኤ.አ. በ1930 እንደገና ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ሠረገላ መሪ የለውም፤ መንኮራኩሮቹ የሚሽከረከሩባቸው ዘንጎችም ወደ ግራና ቀኝ አይዞሩም። ታዲያ በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ያሉትን አራት ጎዳናዎች፣ አራት ማዕዘኖቻቸውን ጨምሮ፣ እንዴት ይዞራል? መልሱ ከመንኮራኩሩ አጠገብ በሚሄዱት ሰዎች እጅ ነው። እያንዳንዳቸው ትልልቅ የእንጨት ሽብልቅ ይዘው፣ ሠረገላው በሚንቀሳቀስበት ቅጽበት ከመንኮራኩሩ ሥር በትክክለኛው ጎን ይወትፉታል፤ መንኮራኩሩ ሽብልቁን ገፍቶ ሲያልፍ አቅጣጫው ትንሽ ይቀየራል፤ ሌላ ሽብልቅ ይገባል፤ እንደገና ይቀየራል። ማቆሚያውም ይኸው ሽብልቅ ነው። አንድ ቅጽበት ቢዘገይ ሠረገላው ቤት ያፈርሳል፤ ቢቸኩል እጅ ይቆርጣል። በኋላ ዘመን የብረት መንኮራኩርና በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሬን ቢጨመርለትም፣ ሽብልቅ የሚወትፉት ሰዎች ሥራ ግን አልቀረም። ይህን ሙያ አባት ለልጅ በጎዳና ላይ ያስተምረዋል እንጂ በመጽሐፍ አይገኝም።

ብክነት ስለ ተባለው የፑሪ ልማድ ደግሞ ይህን ልበል። በፑሪ በየዓመቱ ሦስት ሠረገሎች አዲስ ይሠራሉ፦ ለጃጋናት ባለ 16 መንኮራኩር፣ ለወንድሙ ለባላባድራ ባለ 14፣ ለእኅታቸው ለሱባድራ ባለ 12። ሥራው አክሻያ ትሪቲያ በተባለው የሂንዱ በዓል ዕለት ተጀምሮ በሁለት ወር ገደማ ይጠናቀቃል፤ የሚሠሩትም ሙያውን በውርስ የያዙ አናጢዎች ናቸው፤ ልኩም ከእጅ ወደ እጅ የወረደ ነው። ከበዓሉ በኋላ ሠረገሎቹ ይፈታሉ፤ እንጨቱ በቤተ መቅደሱ ማእድ ቤት ይነዳል፤ መንኮራኩሮቹና አንዳንድ ክፍሎች ይሸጣሉ። እንግዲህ ማገዶው የሚያበስለው ለአምላኩ የሚቀርበውንና ኋላ ለምእመናን የሚታደለውን ምግብ ከሆነ፣ ብክነቱ የቱ ላይ ነው? ደግሞም የፑሪ አማልክት ምስሎች ራሳቸው የእንጨት ናቸው፤ በተወሰነ ዘመን አሮጌዎቹ ተቀብረው በአዲስ ይተካሉ። ባለፈው የተተኩት እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር። የአምላኩ አካል በሚታደስበት እምነት ውስጥ ሠረገላው በየዓመቱ መታደሱ የእምነቱ ልብ እንጂ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም። የደን ጉዳይ የሚነሣ ከሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የኦዲሻ መንግሥትም ለሠረገላ የሚሆኑ ዛፎችን የማስተከል ሥራ የጀመረው ይህንኑ አስቦ ነው።

ደግሞም በየዓመቱ መሥራት የፑሪ ልማድ እንጂ የሂንዱ ሠረገሎች ሁሉ ሕግ አይደለም። በምዕራብ ቤንጋል በማሄሽ የሚጎተተው ሠረገላ እ.ኤ.አ. በ1885 የተሠራ ብረት ለበስ ሲሆን እስከ ዛሬ ያገለግላል። በኔፓል ፓታን ከተማ ደግሞ ሂንዱዎችም ቡድሂስቶችም የሚያከብሩት የራቶ ማቺንድራናት ሠረገላ በየዓመቱ ከእንጨትና ከሐረግ እየታሰረ እንደ ረዥም ዛፍ ይቆማል፤ እንጨቱን የሚሠሩት አንድ ወገን፣ ሐረጉን የሚያስሩት ሌላ ወገን ናቸው። ሲጎተት ማጋደሉ የተለመደ ነው፤ የወደቀበትም ጊዜ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ስለ ደም መሥዋዕት የተጻፈው ነው። ምእመናን ራሳቸውን ከመንኮራኩር ሥር ይጥላሉ የሚለው ወሬ በአውሮፓ የተሰራጨው በመጀመሪያ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፍራንሲስካዊው መነኩሴ በኦዶሪክ ትረካ ነው፤ የእርሱ ትረካ ግን ስለ ደቡብ ምሥራቅ ህንድ የባሕር ዳርቻ እንጂ ስለ ፑሪ አይደለም። ኋላ እ.ኤ.አ. በ1806 ፑሪን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቄስ ክላውዲየስ ቡካነን ራሱን የጣለ ሰው ማየቱን ጻፈ፤ ጽሑፉም ለሚስዮናውያን ሥራ ድጋፍ ለማሰባሰብ በብዛት ተነበበ። አንድም ሰው እንዲህ አላደረገም ብዬ አልከራከርም። በሕማም ወይም በሐዘን ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ሕይወታቸውን በዚያ መንገድ ያጠፉበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን የግለሰቦችን ሞት የበዓሉ ሥርዐት አድርጎ ማቅረብ ሐሰት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦዲሻን ያጠናው የእንግሊዝ ባለሥልጣን ዊልያም ሀንተር መዛግብቱን መርምሮ፣ አብዛኛው ሞት በግፊያ የሚደርስ አደጋ መሆኑን፣ ራስን መሠዋትም የቪሽኑ አምልኮ የሚጸየፈው መሆኑን ገልጿል። በጃጋናት ሥርዐት በአምላኩ ፊት የፈሰሰ ደም ያረክሳል እንጂ አይቀድስም።

ዛሬም በሠረገላ በዓላት ሰው ይሞታል፤ የሚሞትበትን ምክንያት ግን በትክክል መጥራት ይገባል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 2022 በታንጃቩር አቅራቢያ አንድ የመንደር ሠረገላ ከከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተነካክቶ 11 ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2025 ደግሞ በፑሪ፣ ሠረገሎቹ በቆሙበት በጉንዲቻ ቤተ መቅደስ አጠገብ፣ በሕዝብ መጨናነቅ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ይህ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጎዳና ጥበትና የሕዝብ ብዛት አያያዝ ጉድለት ነው፤ ተጠያቂ ያለው ጉዳይ ነው። ሟቾቹን «ራሳቸውን የሠዉ» ብሎ መጥራት ቤተሰቦቻቸውን መበደል፣ ተጠያቂውንም ነጻ ማውጣት ይሆናል።

ስለ ላሊበላ የተጻፈው አጭር ነው፤ መልሱም ያጥራል። በፓላቫዎች ዘመንና በላሊበላ መካከል ወደ አምስት መቶ ዓመታት አሉ፤ በመካከሉ ሙያው ከህንድ ወደ እኛ መተላለፉን የሚያሳይ ማስረጃም አልቀረበም። ከላይ ወደ ታች መፈልፈል አለት የሚፈለፍል ሁሉ ሥራው ራሱ የሚያስገድደው አካሄድ ነው። የሁለቱ እውነተኛ ዝምድና ሌላ ነው፦ በቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ ወጣ ገባ እያለ የተጠረበው መስመር የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ንብብር አሠራር በወጥ አለት የቀዳ ነው። ጠራቢዎቹ የቀዱት የአባቶቻቸውን ቤት ነበር።

የቀረው ስለ እኩልነት የተጻፈው ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት የንጉሡ ሥርዐት እውነት ነው፤ የፑሪ ጋጃፓቲ ንጉሥ በበዓሉ ዕለት እጀታው ወርቅ በሆነ መጥረጊያ የሠረገሎቹን ወለል ይጠርጋል። ሂንዱ ያልሆነ ሰው ወደ ጃጋናት ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ እንኳ ባለቤቷ ፓርሲ፣ ማለትም ከፋርስ ከመጡት የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች ወገን፣ ስለ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳትገባ ተከልክላለች። በሠረገላው ቀን ግን አምላኩ ራሱ ወደ ጎዳና ስለሚወጣ፣ በበሩ የማያልፍ ሰው ሁሉ ያየዋል። እዚህ ድረስ አንለያይም። ከዚህ ተነሥቶ ግን «በገመዱ ፊት ልዩነት የለም» ብሎ መደምደም በህንድ ውስጥ ገመዱን ለመንካት ብቻ ለዓመታት የታገሉ ሰዎችን ከታሪክ መሠረዝ ነው። በታሚል ናዱ በሲቫጋንጋ አውራጃ በካንዳዴቪ መንደር ሠረገላውን የመሳብ ክብር በአካባቢው የበላይ በሆኑ ወገኖች ዘንድ የተያዘ ነበር። በመደብ ሥርዐቱ ከሁሉ በታች ተደርገው የተናቁት ዳሊቶች እኛም እንሳብ ብለው ሲጠይቁ በተነሣው ውዝግብ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋረጠ፤ ጉዳዩም እስከ ማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ ለዓመታት አከራከረ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ በዚህ አንቀጽ እንዲጀምሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ የማግኔቱ ተረት ታሪክ ቢባል የሚጎዳው ሰው የለም፤ የካንዳዴቪ ዳሊቶች ግን በሕይወት ያሉ ሰዎች ናቸው።